423 በር

የክትባት ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ቻርት ተለጥፏል። ክትባት ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከታች ወራቱ፣ በጎን የሕፃናቱ ብዛት። ነርሷ በየወሩ መጨረሻ ስክሪብቶዋን ይዛ መስመሯን ትቀጥላለች። ፔንታ አንድ፣ ማለትም አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት የመጀመሪያ ዙር፣ በሰማያዊ፤ የኩፍኝ ክትባት በቀይ። እኔ ለመስክ ልምምድ የሄድኩት ሚያዝያ ላይ ነበር። ሰማያዊው መስመር የወረቀቱን ጫፍ አልፎ ግድግዳው ላይ ወጥቷል። የምሬን ነው። ወረቀቱ ሲያልቅባት ቀለሙ ላይ ቀጥላዋለች።

«ምን ላድርግ? ልጆቹ መጡ፣ ከተብኳቸው። ያለቀው ወረቀቱ ነው» አለችኝ።

ከእኔ በኋላ የገቡ የፐብሊክ ሄልዝ ተማሪዎች «ቴሲሱን እንዴት ተገላገልሽው?» ይሉኛል፤ የመመረቂያ ጥናቴን ማለታቸው ነው። ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ግድግዳ ስለሆነ እኔም ከዚያው ልጀምር።

ጤና ጣቢያው በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ መካከል ነው፤ ስሙ ይቅር። ወደ አዳማ የሚሄደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ ማለት ነው። አዲስ አበባ አለቀች ስትሉ ኮንዶሚኒየም የሚጀምርበት። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ነው። እግር ሥር ያለው ግን ጥቁር መረሬ ነው። ክረምት ላይ ጫማችሁን አውልቆ ያስቀረዋል፣ እናንተ በካልሲ ትቀጥላላችሁ። እኔ የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስለሆነ ከተማዋን ከጫፍ ጫፍ ነበር የማቋርጠው። ሦስት ታክሲ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ በእግር።

ወደ መስመሩ ልመለስ። የጤና ጣቢያ ዕቅድ የሚሠላው ከሕዝብ ብዛት ትንበያ ነው። ትንበያው ደግሞ የሚነሳው ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። በ1999 እነዚህ ብሎኮች የቆሙበት መሬት እርሻ ነበር። ጤፍ አይከተብም። አሁን እዚያው መሬት ላይ አምስት አምስት ደርብ ሰው ተደራርቦ ይኖራል። የታቀደው ልጅ ጥቂት፣ የመጣው ብዙ። ስለዚህ ሽፋኑ፣ የተከተበው ለታቀደው ሲካፈል ማለት ነው፣ ከመቶ በላይ ይወጣል። ከመቶ በላይ የሚል ሪፖርት ያየ አለቃ ደግሞ እጁን ይታጠብና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋል። ያልመጣው ልጅ እዚያ መስመር ላይ የለም።

ቀዩን መስመር ያየሁት በኋላ ነው። ሰማያዊው ግድግዳ ሲወጣ ቀዩ እታች ቀርቷል። ፔንታ አንድ በስድስተኛው ሳምንት ይሰጣል፤ የኩፍኙ በዘጠነኛው ወር። የመጀመሪያውን ወስዶ ለኋለኛው ያልመጣ ልጅ አቋራጭ ይባላል። የኋለኛውን ቁጥር ከመጀመሪያው ቀንሰህ ለመጀመሪያው ታካፍላለህ። ከ10 ከመቶ ካለፈ አንድ ችግር አለ ማለት ነው። እኔ ቆሜ በጣቴ ለካሁት። አልፏል።

«እነዚህ ልጆች የት ሄዱ?» አልኳት።

«እኔም እሱን ነው የምለው» አለችና ቀጣዩን ልጅ ጠራች።

የመስክ ልምምዱን ቶሎ ልለፈው። ወረዳው ውስጥ ያሉ ችግሮችን መለየት፣ ነጥብ እየሰጡ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ፣ ሪፖርት መጻፍ፣ በፓወር ፖይንት ማቅረብ። የሠራ ያውቀዋል። ከዚያ ይዤ የወጣሁት ርዕሴን ነው፤ በአዲስ ሰፈሮች ክትባት የሚያቋርጡ ሕፃናትና ምክንያቱ።

መስክ ራሱ ለእኔ ብርቅ አልነበረም። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት ጎንደር ነው፣ በጤና መኮንንነት። የጎንደሩ ኮሌጅ በፈረንጆቹ 1954 ሲከፈት ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አብረው እንዲሠለጥኑ ታስቦ ነው። ልማዱ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። በቡድን ወርደን ሽንት ቤት ቆጥረናል፣ ምንጭ አጥረናል፣ ውሻ አሯሩጦናል። ግን ያኔ በር አንኳኩቼ አላውቅም። «ቤቶች!» ብለሽ ትጣሪያለሽ፣ «ግቡ!» ይሉሻል፣ ቡናው ይቀርባል። ኮንዶሚኒየም ላይ «ቤቶች» ብትዪ ሃያ የብረት በር ዝም ይልሻል።

ስለ 423 ልንገራችሁ። የናሙና ቀመሩን፣ ስንት ቤት እንደሚጠየቅ የሚያወጣውን፣ ታውቁታላችሁ። ምጣኔውን 50 ከመቶ፣ የስህተት ወሰኑን 5 ከመቶ፣ መተማመኛውን 95 ከመቶ ስታደርጉት 384 ይወጣል። ምላሽ ለማይሰጡ 10 ከመቶ ትጨምራላችሁ። 423። የእኛ ክፍል ልጆች «ናሙናሽ ስንት ነው?» አይባባሉም ነበር። «ያው ናት?» «ያው ናት።» በቃ።

እኔም ያችኑ ያዝኩ። ያ 10 ከመቶ ማን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም። 39 ቤት ነው። ገና ከቤቴ ሳልወጣ 39 ቤት አላገኝም ብዬ ፈርሜያለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ደብዳቤ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሲፈቅድ ከላይ ወደ ታች የትብብር ደብዳቤ ይንከባለላል። አንዱ ለሌላው ይጽፋል፣ ሌላው ለሚቀጥለው። እያንዳንዱ ጋ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይወጣለታል፣ ይመራል፣ ይፈረማል፣ ማህተም ይመታል። አንዱ ቢሮ ደብዳቤዬ ተፈርሞ ሦስት ቀን ቆመ። ማህተሙ መሳቢያው ውስጥ አለ። የመሳቢያው ቁልፍ ከወይዘሮዋ ጋር ነው። ወይዘሮዋ ለቅሶ ሄደዋል። በሦስተኛው ቀን ሲመጡ ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር። ጥቁር ለብሰው፣ ዓይናቸው አብጦ ሳያቸው «ነፍስ ይማር» ብዬ ደብዳቤዬን ተቀብዬ ወጣሁ።

አራት መረጃ ሰብሳቢ ቀጠርኩ፣ ሁሉም ነርሶች። አንድ ሱፐርቫይዘር። መጠይቁን ወደ አማርኛ መለስኩት። ሌላ ሰው ደግሞ የእኔን ሳያይ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ አዞረው፤ ትርጉሙ መሳቱንና አለመሳቱን የምናየው እንዲህ ነው። ከዚያ ጄሞ ሄደን በ22 እናቶች ላይ ሞከርነው። ጥሩ ሆነ መሞከሩ። የመጀመሪያዋን እናት «ልጅዎ ፔንታቫለንት ሦስት ወስዷል?» ስላት ባሏን ዞር ብላ አየችው። እናቶች ፔንታ አይሉም። «የታፋው መርፌ» ይላሉ። «የአፍ ጠብታው» ይላሉ። የኩፍኙን «የዘጠኝ ወሩ» ይሉታል። ማታ ቁጭ ብለን መጠይቁን በእነሱ አፍ ጻፍነው። የኮሌጅ አማርኛዬ ግማሹ ያን ቀን ነው የተሰረዘው።

ሥራው ግንቦት ላይ ተጀመረ። መጀመሪያ የትኛው ቤት ከ12 እስከ 23 ወር የሆነ ልጅ እንዳለ ማወቅ አለብን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ የቤተሰብ ፎልደር፣ የየቤተሰቡ መዝገብ፣ አላቸው። ግን እዚያ ሰፈር ተከራይ በየስድስት ወሩ ይለዋወጣል፤ ፎልደሩ ላይ ያለችው እናት አያት ገብታ ሊሆን ይችላል። አያት ሰፈሩን ማለቴ ነው። ስለዚህ ራሳችን ቆጠርን። በሩ ዝግ ከሆነ ልጅ ይኑር አይኑር በምን ይታወቃል? በልብስ ማስጫው። ኮሪደሩ ላይ ትንንሽ ካልሲ፣ ቱታ፣ የአንገት ልብስ ከተሰጣ ልጅ አለ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ልጆች በሁለት ቀን ተካኑበት። አንዷ ቱታውን በስንዝር ለክታ «ይሄ ዓመት ከሁለት ወር ነው» ትላለች። ከካርዱ ጋር ስናመሳክር አብዛኛውን ጊዜ አትስትም።

በሩ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ሲስተር፣ ከወረዳ ነሽ?» ነው የመጀመሪያው ጥያቄ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ 1320/2016፣ ከወጣ ወዲህ ውል ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ስለዚህ ወረቀት ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ ስለ ውል የመጣ ይመስላል። አንድ አባወራ በሩን ሳይከፍት ከውስጥ «አስመዝግበናል!» ብሎ ጮኸ። «ስለ ክትባት ነው ጋሼ!» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «እሱንም አስመዝግበናል!» አለ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ።

መረጃ የምንሰበስበው በስልክ ነው፣ ኮቦ በሚባል መተግበሪያ። ጥሩ ነገር ነው፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፣ በኋላ ይላካል። መጠይቁ ስንት ሰዓት ተከፍቶ ስንት ሰዓት እንደተዘጋ ይመዘግባል። የት ቦታ እንደተሞላም ይመዘግባል። አንድ ረቡዕ ማታ ካርታውን ከፍቼ የቀኑን ነጥቦች አየሁ። የሦስቱ ልጆች ነጥብ ብሎኮቹ ላይ ተበትኗል። የአራተኛው ሰባት ነጥብ አንድ ላይ ተከምሯል። አጉልቼ አየሁት። አደባባዩ አጠገብ ያለች ጁስ ቤት ናት። ሰዓቱን አየሁ። ሌላው ጊዜ 25 ደቂቃ የሚፈጀው መጠይቅ ለእያንዳንዱ አራት ደቂቃ ወስዷል። ሰባት እናቶች፣ ሁሉም 28 ዓመታቸው፣ ሁሉም የልጃቸውን ካርድ አሳይተዋል።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ብቻውን ጠራሁት። ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም።

«ሰው የለም እኮ» አለኝ። «ያንን ደረጃ በቀን አሥር ጊዜ እወጣለሁ፣ ዝግ ነው። እወርዳለሁ፣ ዝግ ነው። ምን ላድርግ?»

ሰባቱን ሰረዝኳቸው። ቀደም ብሎ የሠራቸውንም አንድ በአንድ ደውለን አጣራን። የሠራበትን ቀን ከፍዬ አሰናበትኩት። ትክክል ያደረግሁ ይመስለኛል። ነገር ግን ያቺ «ሰው የለም እኮ» ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ውሸቱን ለመሸፈን ይበላት እንጂ እውነት ናት።

አማካሪዬ ጋ ሄድኩ። የተዘጉ በሮች ከ39 ሊያልፉ ነው፣ ምትክ ቤት ልውሰድ? ለማለት ነው። ፕሮፖዛሌ ላይ «ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ያጣናቸው ምላሽ ያልሰጡ ተብለው ይመዘገባሉ» ብያለሁ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። ሕጉን ጠብቄያለሁ።

«በስንት ሰዓት ነበር የሄዳችሁት?» አሉኝ።

«ከ3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት።»

«ሦስቱንም ጊዜ?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «በዚያ ሰዓት የእኔም ቤት ዝግ ነው» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ምትክ የሚለውንም ሁለተኛ አላነሳሁት።

ሰዓታችንን ቀየርን፤ ኮሚቴውንም አሳወቅን። ማታ ከ12 ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ። ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሄደው። ጥበቃዎቹን አስቀድመን እናነጋግራቸዋለን። መብራት ሲጠፋ ደረጃውን በስልክ መብራት እንወጣለን። በሮቹ መከፈት ጀመሩ። ከኋላቸው የነበሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው። የባንክ ሠራተኛ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ መርካቶ ሱቅ ያላት፣ ለሊት 11 ሰዓት ተነስታ ሰልፍ ይዛ ማታ የምትመለስ። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የምትመልስልን ነበረች። አንዷ ሽንኩርት እየከተፈች መለሰችልኝ። አምስተኛው ጥያቄ ላይ ሁለታችንም እናለቅሳለን።

አንድ እሁድ ልንገራችሁ።

አራተኛ ፎቅ ነው። አራተኛ ጊዜ መሄዴ ነው። ልብስ ማስጫው ላይ ቢጫ ቱታ አለ፣ ስለዚህ ልጅ አለ። አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ሠራተኛዋ ናት። ራሷ ልጅ ናት፣ 15 ዓመት ቢሆናት ነው። ሕፃኑን አዝላዋለች። ተኝቷል፣ አፉ ተከፍቶ ትከሻዋን አርሶታል።

«እትዬ ቤተ ክርስቲያን ናቸው» አለችኝ።

ማታ እመለሳለሁ ብዬ ልዞር ስል «የምንድን ነው?» አለች። የክትባት ጥናት ነው አልኳት።

«የክትባት ከሆነማ እኔ ነኝ የምወስደው።»

ገባ ብላ ከፍሪጁ አናት ላይ ፌስታል አወረደች። ከመብራት ደረሰኞችና ከአንድ የጥምቀት ፎቶ መሀል ካርዱን አወጣችው። ጥጉ የተቀደደውን በፕላስተር አያይዘዋለች። በጣቷ ታሳየኝ ጀመር። «ይሄኛው ቀን ዝናብ ነበር፣ ባጃጅ አጥተን በእግራችን። ይሄኛው የሚካኤል ማግስት ነው፣ ሌሊቱን አተኮሰው።» ማንበብ ይቸግራት እንደሆነ አላውቅም። ግን እያንዳንዱን ማህተም በቀኑ ታስታውሰዋለች። ከ14ኛው ሳምንት በኋላ ያለው ሳጥን ባዶ ነው።

«የዘጠኝ ወሩስ?»

«ወስጄው ነበር እኮ። ሐሙስ ተመለሺ አሉኝ።»

«ሐሙስስ?»

እንደማይገባኝ ሰው አየችኝ። «ሐሙስ ውሃ ነው የሚመጣው።»

ሻወር ቤቱ በር አጠገብ አሥራ አንድ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። ሐሙስ ውሃው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ አይታወቅም። ከመጣ ያልተቀዳው ሳምንቱን ሙሉ የለም። ያቺ ልጅ ሐሙስ ከቤት አትወጣም። አትችልም።

ሐሙስ ለምን እንደተባለች ደግሞ እኔ አውቃለሁ። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ የአሥር ልጅ ነው። ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው፤ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ለአንድ ልጅ ከመክፈት አሥሩ እስኪሰበሰቡ ቀን ይመረጣል። ነርሷ የምትጠየቀው በደፋችው ክትባት ነው። በመለሰቻት ልጅ የሚጠይቃት የለም።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ስልኬን አልከፈትኩም። መክፈት አማረኝ። አራተኛ ፎቅ፣ አራተኛ ጊዜ፣ ካርዱ እጄ ላይ። ግን ፈቃድ የምትሰጠኝ እናትየዋ ናት እንጂ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ አይደለችም። ጁስ ቤት የሞላውን ልጅ አባርሬ እኔ በዚህ በር ልገባ አልችልም።

ማታ ተመለስኩ። እናትየዋ መርካቶ አካባቢ ባንክ ውስጥ ካሸር ናት። የፈቃድ ቅጹን አንብባ ፈረመች። ካርዱን አብረን ስናይ ባዶው ሳጥን ላይ ደረስን። ቀና አለች።

«ወስጄዋለሁ አላልሽኝም?» አለቻት።

ልጅቷ ከኩሽናው በር ላይ ቆማለች። «ወስጄዋለሁ» አለች።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ተወስዷል። አልተከተበም። ልጁ አንድ ዓመት ከአራት ወሩ ነው፤ ከ2011 ጀምሮ በ15ኛው ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባትም አልፎታል። እናትየዋ በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃድ ጠይቃ ራሷ እንደምትወስደው ነገረችኝ። ከወለደች በኋላ ዓመት ዕረፍቷን ለልጁ ሕመም ጨርሳዋለች።

መጠይቄ ላይ «ያልተከተበበት ምክንያት» የሚል ጥያቄ አለ። ምርጫዎቹን ከሌሎች ጥናቶች ነው የሰበሰብኳቸው። ርቀት። የጊዜ እጥረት። የጎንዮሽ ጉዳት ፍርሃት። ጥቅሙን አለማወቅ። «ሐሙስ ውሃ ይመጣል» የሚል የለም። «ሌላ» የሚለውን ነክቼ ጻፍኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹን «ሌላ» ያለች እናት ካለች ቃል በቃል ጻፉ አልኳቸው። ሥራው ሲያልቅ ከመጠይቁ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ያንን ዓምድ ነው።

ቀዩ መስመር ለምን እታች እንደቀረም እዚያው ገባኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጣል። ፔንታ ሦስት የሚሰጠው በ14ኛው ሳምንት ነው። እናት ገና ቤት ናት፣ ራሷ ትወስደዋለች። የዘጠኝ ወሩ ሲደርስ ሥራ ከገባች ወራት ሆኗታል። ካርዱ ከእሷ እጅ ወጥቶ ፍሪጅ ላይ ወጥቷል።

ትንተናውን አላወራላችሁም። ኤስፒኤስኤስ ነው፣ ሪግረሽን ነው፣ ሌሊት ነው። ውጤቱን ለመጽሔት ስለላክነው ቁጥሩን እዚህ አልዘረግፈውም። ማታና እሁድ ያገኘናቸውን ከቀኖቹ ለይቼ ሳወጣ ግን ሠንጠረዡ መልኩን ቀየረ። በቀን ብቻ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰፈር አጥንቼ ነበር የምመለሰው።

ዲፌንስ ላይ፣ ጥናቴን በፈታኞች ፊት ሳቀርብ ማለት ነው፣ የውጭ ፈታኙ ገና የመጀመሪያውን ስላይድ ሳልጨርስ አስቆሙኝ። በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱ ሕፃናት በአገር ደረጃ 39 ከመቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 89 ከመቶ ናቸው ይላል። «አፋርና ሶማሌ እያለ አዲስ አበባ ምን አስቀመጠሽ?» አሉኝ። ጥያቄው ይገባል። እኔም ራሴን ጠይቄው አውቃለሁ።

ስለ አማካይ ቁጥር ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ጠፋኝ። «ከወረቀቱ የወጣ መስመር አይቼ ነው» አልኩና ወደ ግድግዳው ፎቶ አሳለፍኩት። ስላይዱ መጨረሻ ላይ ነበር፣ እስክደርስ ስንት ነገር ተገላበጠ። ፎቶው ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ሆነ። እሳቸው አልሳቁም። ጠጋ ብለው አዩትና «ቀጥዪ» አሉኝ። በመጨረሻ የሰጡኝ ማስተካከያ ሠንጠረዥ አራት ርዕሱ ከላይ ይሁን የሚል ነው። ሌሎችም ነበሩ፤ እሱ ነው የሚታወሰኝ። እማዬ ውጭ ድፎ ዳቦ ይዛ ቆማለች። የታክሲው ሰው ሁሉ ሲያሸተው እንደመጣ ነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ወረቀት ነው። ጥራዝ፣ ሲዲ፣ ክሊራንስ። ቤተ መጻሕፍት ተውሼ የማላውቀውን መጽሐፍ መልሺ ብሎ ሁለት ቀን አከረረኝ። የመጨረሻው ግዴታ አንድ ቅጂ ለጤና ጣቢያው ማድረስ ነው። ብዙ ሰው በሰው ይልከዋል። እኔ ይዤው ሄድኩ፣ በሦስት ታክሲና በባጃጅ።

አዲስ የበጀት ዓመት ገብቶ ስለነበር ቻርቱ ተቀይሯል። ዘንድሮ ነርሷ ሁለት ወረቀት በፕላስተር ቀጥላለች። ያምናው የስክሪብቶ መስመር ግን ከበላዩ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። ጥራዙን ሰጠኋት። ክብደቱን በእጇ መዝና «ይሄን ሁሉ እኔ ላነብ?» አለች። ምክንያቶቹ ያሉበትን ገጽ ገልጬ ሰጠኋት። ቆማ አነበበች። አንድ ልጅ ጠረጴዛው ላይ እያለቀሰ ነው፤ በአንድ እጇ ደግፋዋለች።

«ውሃ» አለች።

«አዎ።»

«ሐሙስ በሁሉም ብሎክ ነው የሚመጣው?»

አይደለም። በዚህ በኩል ሐሙስ ነው። ከመንገዱ ማዶ ማክሰኞ። ታችኞቹ ቅዳሜ ማታ። የጓንት ካርቶን ክዳን ቀደደችና ስክሪብቶዋን አነሳች።

«ቀስ እያልሽ ንገሪኝ» አለችኝ።